አግዳሚውና ጋሪው

አክስቴ ኪዚያ በዘመኗ ስሟ የተጠራ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። ዛሬ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ እንኳ የሚያስታውሳት የለም፤ የሰባኪያችን ሚስት አንዱን መጽሐፏን የመስኮት መደገፊያ አድርጋው አይቻለሁ። መጽሐፎቿ ሁሉ አንድ ናቸው ብል አልዋሸሁም። ሰውየው ይጠጣል፣ በእግዜር ያሾፋል። ልጅቷ ብትወደውም ንስሐ ገብተህ ካልዳንክ አላገባህም ትለዋለች። ከዚያ ትኩሳት ይጥለዋል። ሲሻለው፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ጫካው ውስጥ ድንኳን ተክለን በምናደርገው ጉባኤ ላይ ሰው ሁሉ እያየው ወደ ፊት ይወጣና ከሰባኪው ፊት ለንስሐ ገቢዎች በተዘረጋው አግዳሚ ወንበር ሥር ይንበረከካል። ቀጥሎ ሠርግ ነው። ትኩሳት ሳይዘው ያገባ ወንድ በአክስቴ መጽሐፍ የለም።

የማያስቀው፣ እሷም እንደጻፈችው መኖሯ ነው። በርሜል ሠሪው ኢላም በወጣትነቱ ላግባሽ ብሏት ነበር፤ እሷም ትወደው ነበር። "መጀመሪያ አግዳሚው ሥር ተንበርከክ" አለችው። ኢላም አይጠጣም፣ አይሳደብም፤ ሰው ፊት ወጥቶ ማልቀስ ብቻ አይሆንለትም። "ያልተሰማኝን ተሰማኝ ብዬ አልዋሽም" አላትና የባለ ወፍጮውን ልጅ ማሃላን አገባ። አክስቴ ሌላ የጠየቃትን ሁሉ እምቢ ብላ ኢላምን በየመጽሐፉ እያዳነች ስታገባው ኖረች።

ሁሉም ካረጁ በኋላ ማሃላ በጸደይ ሞተች። በዚያው ነሐሴ ሰባኪው "የሚመጣ ይምጣ!" ብሎ ሲጣራ፣ ኢላም ከኋላ፣ ንስሐ ያልገቡት ከሚቀመጡባቸው ጋሪዎች ላይ ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በወንዶቹና በሴቶቹ ወንበሮች መሐል አልፎ መጣና ተንበረከከ። ጉባኤው ተላቀሰ። እኔ የማየው አክስቴን ነበር፤ ፊቷ የልጃገረድ ፊት ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

"አልማይራ፣ አላረጀም ይሄ?" አለችኝ።

"ቀሚሱ ወይስ አንቺ?"

"ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!" አለችና ሳቀች።

ኢላም እውነትም ፖም በከረጢት ይዞ መጣ።

"እንኳን እግዚአብሔር ረዳህ" አለችው። "ይህን ቀን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ነበር።"

"አመሰግናለሁ ኪዚያ። ማሃላ ብታየው እንዴት ደስ ባላት!"

"እሷም ትለምንህ ነበር?"

"ኧረ አንድ ቀን እንኳ! ፊት ከዳኑት ሴቶች ጋር ቦታ ነበራት። እሱን ትታ ከኋላ ጋሪው ላይ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ነበር። 'ምነው፣ አትሄጂም?' ስላት፣ 'እዚህም ይሰማል' ትለኛለች። ዘንድሮ ብቻዬን ስቀመጥ አልቻልኩም። እሷ የሄደችበት መሄድ ፈለግኩ፤ በቃ ተነሣሁ።"

አክስቴ ፖሙን ተቀብላ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ተመልሳ ፖሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ያን ሁሉ ስጽፍ፣" አለችኝ፣ "ሄዶ አጠገቡ መቀመጥ እንደሚቻል አንድም ቀን አልታየኝም።"

በእሷም ተናደድኩ፤ መጽሐፎቿን እያጨበጨብን በገዛነው በእኛም ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልያዘችም።

በሚቀጥለው ነሐሴ ጉባኤው ሲጀመር ከአጠገቤ አጣኋት። ዞር ብዬ ብፈልጋት ከኋላ ጋሪያችን ላይ ወጥታ ብቻዋን ተቀምጣለች።

"አክስቴ፣ ቦታሽ እኮ ፊት ነው" አልኳት።

"እዚህም ይሰማል" አለችኝ።

ኢላም ግን ያን ቀን ፊት፣ ከዳኑት ወንዶች ጋር ነበር የተቀመጠው።