ሁለተኛው ሽብልቅ

በሳሙና ፋብሪካው ያለ ሁሉ መካኒኩን «ዘጠኝ ተኩል» ይለዋል። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ትልቁ የሳሙና ማማሰያ ማሽን የግራ እጁን ትንሿ ጣት ከወገቧ ቆርጦ ስላስቀረበት ነው። ስሙን ያወጣለት ባዳ እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ ናት። እሷም የዚያው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፣ ምላሷ ከፒንሳዋ የተሳለ።

የዚያን ቀን ሁለቱም ቸኩለዋል። አንዲት ልጃቸው በስምንት ሰዓት ትመረቃለች። ኃላፊው «ማማሰያው ከሠራ አምስት ሰዓት ላይ ሂዱ» ብሏቸዋል። ማማሰያው ግን አልሠራ አለ። ሲያስነሱት ሞተሩ እምም ብሎ ያቃስታል፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ድራይቩ፣ ያጠፋውና ስክሪኑ ላይ «ሞተሩ ተይዟል» ብሎ ይጽፋል።

«የኤሌክትሪክ ነው» አለ ባል።

«ላንተ የማይታይህ ነገር ሁሉ የኤሌክትሪክ ነው» አለች ሚስት።

ደጋግማ አላስነሳችውም፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ሞተር ያቃጠሉ ብዙ አይታለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ ቆለፈች፤ ድራይቩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ደቂቃ ቆጠረች፤ የሞተሩን የሽቦ ጥቅልሎች ለካች። ደህና ናቸው። ባሏ ሞተሩን ዙሩን ወደ ማማሰያው ከሚያስተላልፈው ጊርቦክስ ሲለይላት ማብሪያውን ከፍታ አስነሳችው። ብቻውን ሲሆን እንደ ልቡ ዞረ።

«እንግዲህ ችግሩ አንተ ሰፈር ነው» አለችው፣ ደስ ብሏት።

«ትናንት ግሪስ ያጠጣሁት ጊርቦክስ እኮ ነው» አለና የብሎን መፍቻውን አነሳ። ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ጊርቦክስ ፈቶ መግጠም ደግሞ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ልጅቷ ያለ እናትና አባት ልትመረቅ ነው።

«ቆይ» አለች። ማብሪያውን መልሳ ቆልፋ የጊርቦክሱን ዘንግ በእጇ አዞረችው። ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ። ወደ ኋላም ግማሽ ዙር፣ ቀጥ። የደረቀ ሳሙና ቢሆን ቀስ እያለ እሺ ይላል፤ ይሄ ግን እንደ ግድግዳ ነው። ነገሩ ገባት።

ግሪስ በሚጠጣበት ቀን የማማሰያው ምላጮች በራሳቸው ክብደት እንዳይዞሩ ባሏ ወፍራሙ ዘንግ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ይወትፋል፤ ሲጨርስ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ይሰቅለዋል። ጣቱ የተቆረጠችው ያ ሽብልቅ ተንሸራትቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስት፣ እሱ ሳያያት፣ በወዲያኛው በኩል የራሷን ሽብልቅ ትጨምራለች፤ እሱ ሲወጣ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቢያውቅ «ሥራዬን አታምኚም» ብሎ ያኮርፋላ። ትናንት ግን የልጅቷን የምረቃ ጋዋን ለማምጣት ክንዷን ይዟት አብረው ወጡ፤ እሷም በደስታ ሽብልቁን እዚያው ረሳችው።

«እኔ የለሁበትም» እንዳትል ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነባት። እሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ብሎን ማላላት ጀምሯል።

«ጊርቦክሱን ተወው። የወፍራሙን ዘንግ ክዳን ክፈት።»

«ምን ላገኝ?»

«ክፈተው አልኩህ።»

ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ሽብልቁን መዞ አወጣና ቀና ብሎ ሚስማሩን አየ። የራሱ ሽብልቅ እዚያው ተሰቅሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«መቼ አስገባሽው?»

«ትናንት።» ቀጥላም «ሁልጊዜ» አለች። «ጣትህ ከተቆረጠች ጀምሮ።»

ሽብልቁን አገላበጠው። ጠርዙ ገብቶ በመውጣት ብዛት ልሙጥ ሆኗል። ሚስቱ ኩርፊያውን ጠበቀች። አስራ አንድ ዓመት በጣቱ ስታሾፍበት የኖረች ሴት ዛሬ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

«ዘጠኝ ተኩል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ለካ ዘጠኝ እንዳልሆን የጠበቅሽኝም አንቺ ነሽ።»

«ሞተሩን ግጠም፣ ሰዓቱ ሄደ» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ማማሰያው ዞረ። ኃላፊው ምን እንደነበር ሲጠይቅ ባል «ሽብልቅ ረስተን ነው» አለው፤ «ረስታ» አላለም።

ልብሷን ቀይራ በሩ ላይ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ባሏ ቀረ። ተመልሳ ስትገባ መዶሻ ይዞ አገኘችው። ከቀድሞው ሚስማር ጎን ሌላ ሚስማር መትቶ የእሷን ሽብልቅ ከራሱ ጋር አጎራብቶ ሰቅሎታል።

«ልጅህ እየጠበቀችህ ሚስማር ትመታለህ?»

«ከእንግዲህ ተደብቀሽ አታስገቢ» አላት መዶሻውን እያስቀመጠ። «እኔው ራሴ አቀብልሻለሁ።»