«ራሷ ናት» ያልኳት ክኒን

ሰፈራችን ውስጥ ምንነቱ የጠፋበት ክኒን ያለው ሰው ሁሉ በሶፍት ጠቅልሎ ወደ እኔ ይመጣል። ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክኒኑን መዳፌ ላይ አገላብጬ አየውና ይሄ የግፊት ነው፣ ይሄ የጨጓራ ነው፣ ይሄኛውን ጣሉት እላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ሰው በዚህ ሲያደንቀኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ምን ልዋሽ።

ታናሽ ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ተጎዳና ሐኪሙ ቢጫ የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። ወገቡ ዳነ፤ ክኒኗ ግን አልለቀው አለች። ያኔ ያለ ማዘዣ ብትሸጥም ጠያቂ ስላልነበረ ከእኔው መስኮት ነበር የሚወስዳት። እየተቆጣሁ፣ እየተነጫነጭኩ እሰጠዋለሁ። በቀን አራት ይውጥና ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ከእናታችን ጋር እየተቀላለደ ራቱን ይበላል።

ከዚያ መንግሥት ከለከላት። ያለ ልዩ ማዘዣ የሸጠ ይታሰራል ተባለ። እሰይ፣ ደግ አደረጉ አልኩ። መደርደሪያውን ባዶ ሳደርግ ወንድሜ እንግዲህ ወደደም ጠላም ይተዋታል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ምን ያለሽ ቂል ነሽ በሉኝ! ወር ሳይሞላ ቢጫዋ ክኒን አውቶቡስ ፌርማታው ጋ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ተገኘች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሜ መጣ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቆ በሶፍት የተጠቀለለች ክኒን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እስቲ እያት» አለኝ።

ከየት እንዳመጣት ስለገባኝ ደሜ ፈላ። ከመንገድ ዳር መድኃኒት የሚገዛ ሰው ጭንቅላቱን የት ጥሎት እንደመጣ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ፤ ግን አልሄደም። እኔም ልማዴ አይለቀኝምና አነሳኋት። ቀለሟ ያው ነው፣ የመሃል መስመሯ ያው ነው፣ የተቀረጸባት ቁጥርም ያው ነው።

«ራሷ ናት፤ አላታለሉህም» አልኩት፣ ያውም በኩራት። ትንሽ ቆመ። ሌላ የሚለኝ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ግን ደንበኛ መጣብኝ፤ እሱም ክኒኗን አንስቶ ሄደ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እናታችን ደወለችልኝ። ምሳ ቀርቧል ብላ ብትጣራ ዝም ሲላት ክፍሉ ገባች፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ሆስፒታል በምን እንደደረስኩ አላውቅም። እንደ ልማዱ አራት ውጦ ነበር።

በመርፌ ትንፋሹን መልሰውለታል። ሐኪሙ ዓይኖቹ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተው ነበር፤ ወንድሜ በዚያ ሳምንት እንዲህ ሆኖ የመጣለት አምስተኛው ሰው ነው። ላይዋ ቢጫ ይሁን እንጂ ውስጧ ሌላ ነው አለኝ። የኬላ ፍተሻው ሲጠነክር በካርቶን የሚመጣው እውነተኛው ክኒን ቀረ፤ በምትኩ ጫማ ውስጥ የሚደበቅ፣ በጣም ኃይለኛ ዱቄት መጣ። ሰው የሚያምነው ቢጫዋን ስለሆነ እሱኑ በእሷ ቅርጽ ይጠፈጥፉታል። አሁን የሚሻለው መታከም ነው፣ ሕክምናው አለ፤ እሺ ካላለና ደግሞ ከዋጠ ግን ሁለተኛ ላንመልሰው እንችላለን አለ። ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማውቀው የክኒን ልብስ ብቻ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ሆስፒታል፣ እናታችን ንጹሕ አንሶላ ልታመጣ ስትወጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ሳየው አንጀቴን በላው።

«ራሷ ናት ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «በገዛ አፌ ልገድልህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እትዬ፣ የመጣሁት እውነተኛ መሆኗን ላጣራ አልነበረም» አለኝ። «እንድትቀሚኝ ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ፣ አሽሟጥጬዋለሁ፣ እናታችንን እያነሳሁ አስለቅሼዋለሁ። አንድም ቀን ግን እጄን ዘርግቼ አምጣ አላልኩትም።

የቀረ እንዳለው ጠየቅሁት። በዓይኑ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን ጃኬቱን አሳየኝ። ከውስጥ ኪሱ ሦስት ክኒኖች አወጣሁ። ሳያስበው እጁ ወደ እኔ ተዘረጋ። ክኒኖቹን በአንድ እጄ ጨብጬ በሌላው የተዘረጋውን እጁን ያዝኩት።

«አልሰጥህም» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። እጁ ግን ሊያስለቅቀኝ ይታገል ነበር፤ እኔም እናታችን አንሶላውን ይዛ እስክትመለስ ድረስ አልለቀቅሁትም።