አሥራ አንዱ ገጾች

አስተዋዋቂው መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ማንበብ ሲጀምር፣ ፈሂማ የትኛውን ገጽ እንደገለጠ ከመጀመሪያው ቃል አወቀች።

«ለሚ ከሞተው ዘንዶ ጎን ተቀምጦ አለቀሰ። የገደለው በዓለም ላይ ስሙን የሚያውቀውን የመጨረሻ ፍጡር ነበር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«እንዲህ የጻፈ ሰው መጽሐፉ እዚሁ ጅማ አውቶቡስ ተራ በአምስት ብር ይሸጥ ነበር!» አለ አስተዋዋቂው።

ፈሂማ አላጨበጨበችም። ዛሬ ይህንን ክፍል ሲያነቡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት።

ደራሲው ፈለቀ፣ ሰኮሩ ከተማ አጠገብ በአንድ ቡና መፈልፈያ መዛኝ ነበር። ማታ ማታ ከጊቤ ወንዝ ሥር ስለሚኖሩ ዘንዶዎችና ስለ ጎራዴ ታጣቂው ለሚ ይጽፋል፤ ስስ መጻሕፍቱን ተሳፋሪዎች ገዝተው እያነበቡ መንገድ ላይ ይጥሏቸዋል። ከሞተ በኋላ ደብዛቸው ጠፋ። በልጅነቷ ለሚን አንብባ ያደገችው የአማርኛ መምህርቷ ፈሂማ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየሰዉ ቤት ለቀመቻቸው። ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ማተሚያ ቤት ያለው ሙሐመድሳኒ ከሠርግ ካርድና ከደረሰኝ ሥራው መሀል ያገኘቻቸውን ሰባቱን መጻሕፍት አተመ። የአንባቢያን ማኅበሩ ዛሬ ፈሂማንና ሙሐመድሳኒን የሚሸልመው ለዚህ ነው።

ሰባተኛው ግን የተገኘው በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ ገጹን እርጥበት በልቶታል። እነዚያን ፈሂማ ሞላቻቸው፤ ለማንም ሳይነገር ታተመ።

ሽልማቱን ተቀብለው ሲወርዱ ሙሐመድሳኒ ጠጋ አላት። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? የኛ ቀን እኮ ነው።»

«ከሰባት መጽሐፍ መሀል ሌላ የሚያነቡት አጡ?»

«አሳምረሽ ጻፍሻ! ወላሂ እኔም እዚያ ጋ አልቅሻለሁ።»

«እሱ እንዲነበብ ነው የለፋሁት፤ እኔ እንድነበብ አይደለም!»

ሊመልስላት ሲል የፈለቀ ባለቤት ወይዘሮ አበራሽ ከኋላ መደዳ ተነስተው መጡ። የፈሂማን ጉንጭ ስመው እጇን እንደያዙ ቀሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ያ ለሚ የሚያለቅስበት ቦታ የፈለቀ ነው?»

«ለምን ጠየቁኝ፣ እማማ?»

«የፈለቀ ለሚ ዘንዶ ሲገድል ሥጋውን ለመንደሩ ያከፋፍላል፤ ጉበቱን ለራሱ ደብቆ ይይዛል። ሲያነብልኝ በሳቅ እሞት ነበር። ይሄንን ሳነብ ግን የማላውቀው ሰው ቤቴ የገባ መሰለኝ።»

የፈሂማ ጆሮ ጋለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ወረቀቱ ተበላሽቶ ነበር። ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ እጇን አልለቀቁም። «ታዲያ በሱ ስም?»

ፈሂማ ወደ ሙሐመድሳኒ ዞረች። «ሁለተኛውን እትም መቼ ነው የምታትመው?»

«ነገ ጠዋት። ሺህ ቅጂ ታዟል።»

«የኔን ገጾች አውጣቸው።»

«ማሎ፣ እባክሽ ፈሂማ! ሰው የሚገዛው እኮ ለእነሱ ብሎ ነው። ገጹ የጎደለ መጽሐፍ ማን ይፈልጋል?»

«ጎድሎ ነው የተገኘው።»

ሙሐመድሳኒ ግንባሩን አሸ። ሰዉ ፎቶ ለመነሳት እየጠራቸው ነበር፤ አንዲት ተማሪም መጽሐፉን ዘርግታ በዚያው ገጽ ላይ ፈሂማን ልታስፈርማት ትጠብቃለች።

«እማማ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ያስታውሳሉ?» አለች ፈሂማ በተስፋ። «አንብቦልዎታል አይደል?»

«አንብቦልኛል» አሉ ወይዘሮ አበራሽ አንገታቸውን ደፍተው። «ግን ቀኑን ሙሉ ቡና ስለቅም ውዬ ነበርና እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ፈሂማ ወደ ተማሪዋ ሄደች። ከዚያ የተማሪዋን እስክሪብቶ ተቀበለችና፣ በፊርማ ፈንታ በገጹ አናት ላይ «የደራሲው ጽሑፍ ከዚህ ላይ ጠፍቷል» ብላ ጻፈች።