ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የምትደርስ ኳስ

አስገር ሊንድሆልም የሚያቀብላት ኳስ የምትደርሰው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነበር። ከእግሩ እንደተነሣች ትጠፋለች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓትና ደቂቃ፣ ሊያደርሳት ባሰበበት ቦታ ትገኛለች። ወደ ግብ የሚመታት ኳስ እንደማንኛውም ሰው ኳስ ወዲያው ትደርስ ነበር፤ ግን ጎበዝ መቺ አልነበረም። ጎበዝ የነበረው በማቀበል ነው።

ነገሩ የታወቀው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለሃቭነስ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈበት እሑድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኳሶቹ በሰዓታቸው ይደርሱ ነበር። ሃቭነስ በዴንማርክ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ የዓሣ ሽታዋ እስከ መልበሻ ክፍል የሚገባ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አስገር ቀና ሲል አጥቂው ቪጎ የሚሮጥበትን ክፍተት አየና ኳሷን ላካት። ኳሷ ጠፋች። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ የሕግ መጽሐፉን ከኪሱ አወጣና አገላበጠ። ስለ ፈነዳች ኳስ እንጂ ስለ ጠፋች ኳስ የሚል አንቀጽ አላገኘም። ሌላ ኳስ አስመጥቶ ጨዋታውን ቀጠለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የሜዳው ተንከባካቢ ኢንገር ሣር እያጨደች ሳለች ኳሷ ከፊት ለፊቷ ተንከባልላ አለፈች። ኢንገር ከአስገር እናት በዕድሜ ትበልጣለች፤ ሆኖም በዚያ አገር ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ማለት ነውር ስላልሆነ ሁሉም በስሟ ይጠራታል። ማታ ለልምምድ ሲመጣ አስገርን በር ላይ ጠበቀችው።

«ኳስህ መጥታለች» አለችው።

«የት ደረሰች?»

«ቪጎ መድረስ የነበረበት ቦታ።»

«ጥሩ ነበረች?»

«እግሩ ሥር ነበር የምትገባለት። ዓይኑን ጨፍኖም ያገባት ነበር።»

ባትነግረው ይሻለው ነበር።

የሃቭነስ ሰዎች ግብ ሲያገቡ አይጮሁም፤ ማልያ አያወልቁም፤ አይቆለሉም። ያገባው ሰው ፊቱን አዙሮ፣ ሳይሮጥ፣ ወዳቀበለው ሰው ይሄዳል። የጫማውን ጫፍ ከጫማው ጫፍ ጋር ያገጥምና እጁን ይጨብጠዋል። አባቶቻቸው ከባሕር በደህና ሲመለሱ ጀልባ ላይ እንደዚያ ይጨባበጡ ነበር ይባላል። አስገር ከልጅነቱ ጀምሮ ከደጋፊዎች መሀል ሆኖ የሚያየው ግቡን ሳይሆን ያንን መጨባበጥ ነበር። ከእግር ኳስ የፈለገውም ይኸው ነው፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ከግቡ አፍ ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ፣ ወደ እሱ እንዲመጣ።

አሠልጣኙ ፕሬበን ነገሩን ሦስት ሳምንት ካጠና በኋላ አስጠራው።

«ንጠቅ፣ ሩጥ፣ ተጋፋ» አለው። «ግን አታቀብል።»

«አማካይ ነኝኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አማካይ ካላቀበለ ምን ይሠራል?»

«ይሮጣል» አለ ፕሬበን።

አስገር ሮጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሮጠ። ኳስ ከተቃራኒ ቡድን ይነጥቅና እየገፋ እስከ ጓደኛው እግር ድረስ ይወስዳታል፤ እዚያ አቁሞለት ይመለሳል። ጓደኛው ዙሪያ በዚያን ጊዜ ሦስት ተከላካዮች ተሰብስበዋል። ደጋፊዎች «ፖስተኛው» የሚል ስም አወጡለት። አንዱ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ በየሳምንቱ ከአጥሩ ላይ ተደግፎ «ፖስተኛ! የእኔ ደብዳቤ መቼ ነው የሚደርሰው?» ይለዋል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። በወር አንድ ሁለት ጊዜ አስገር ራሱን ይረሳና ያቀብላል። እግሩ ነው የሚያቀብለው፣ እሱ አይደለም። ያን ጊዜ ኢንገር በመሣሪያ ቤቷ የቀን መቁጠሪያ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆጥራ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች፤ በዚያ ሰዓት ያንን ጥግ አታጭድም።

አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተጠራ። መራጩ ኳስ ሲነጥቅ አይቶት ወዶት ነበር። ቢሮው አስቀምጦ ቡና ጋበዘው።

«አሥራ አንድ ቀን ነው የሚሉት?»

«አሥራ አንድ ቀን ነው።»

መራጩ የውድድሩን መርሐ ግብር ተመለከተ። «በአሥራ አንደኛው ቀን እኛ ከምድቡ ተሰናብተን ቤታችን ነን» አለው። አስገር ቡናውን ጨርሶ ሄደ።

ሐኪምም አይቶታል። እግሩን በራጅ አነሣው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። «እግርህ ጤነኛ ነው» አለ ሐኪሙ። «ጫማ ቀይረህ ሞክረሃል?» አስገር ዘጠኝ ጫማ ቀይሮ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነው ሃቭነስ ላለመውረድ የመጨረሻውን ጨዋታ የሚጫወትበት እሑድ ደረሰ። ፕሬበን አስቀድሞ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ልክ አሥራ አንድ ቀን ሲቀር፣ አስገርንና ቪጎን ባዶ ሜዳ ላይ ጠራቸው። ቪጎ በዚያን ጊዜ አምበል ሆኗል። ፕሬበን እጁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ይዟል።

«ጨዋታው የሚጀመረው ስምንት ሰዓት ነው» አለ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ታቀብላለህ። እሑድ በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ትደርሳለች። ቪጎ እዚያ ይጠብቃታል። የትኛውን ግብ ነው የምናጠቃው?»

«በመጀመሪያው አጋማሽ ሁልጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለውን ነው» አለ ቪጎ።

እውነቱን ነው። ነፋሱ ሁልጊዜ ከወደቡ ይነሣና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይነፍሳል፤ ቪጎም ዕጣው በደረሰው ቁጥር ነፋሱን ከጀርባው ያደርጋል። ዕጣ ካልደረሰው ደግሞ እንግዶቹ የሃቭነስን ነፋስ ስለማያውቁት ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ።

ቪጎ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ካለው ግብ አሥራ አራት እርምጃ ቆጥሮ ቆመ። እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እሱ ሳይሮጥ በፊት ሁልጊዜ ተከላካዩን ለማዘናጋት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ሮጠና ቦታውን አሳየው። ፕሬበን «አሁን!» አለ። አስገር አቀበለ። በሕይወቱ እንደዚያች ያለች ኳስ ከእግሩ ወጥታ አታውቅም። ያን አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ለመጨባበጡ ብሎ እጁን ደጋግሞ ይታጠብ ነበር።

እሑድ ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ መጣ። በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ዳኛው ሳንቲሙን ወረወረ፤ ዕጣው ለቪጎ ደረሰው። ቪጎ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ወደ ላይ አነሣና ነፋሱን ከጀርባው አደረገ።

ቡድናቸው የቆመበት አቅጣጫ ለአስገር የገባው በአራተኛው ደቂቃ ነው።

«ቪጎ! ግቡ!»

«የቱ ግብ?»

«የእኛ ግብኮ ነው! በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው አሁን የእኛ ነው!»

ቪጎ ቤተ ክርስቲያኑን አየ፣ ወደቡን አየ፣ ጣቱን አየ። «ነፋሱን ከጀርባዬ አደረግኩ» አለ። «እንደ ሁልጊዜው።»

አስገር ለተከላካዮቹ ሊነግራቸው ሮጠ። «በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ እዚህ ኳስ ትመጣለች» አላቸው። እነሱም ፖስተኛው ተናግሯል ብለው ሳቁ። በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ጨዋታው በወደቡ በኩል ነበር። የተቃራኒው አጥቂ በሃቭነስ ግብ ፊት ብቻውን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ቀና ሲል ሁለተኛ ኳስ እግሩ ሥር ገብታለች። መታት፤ ገባች። ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ከንፈሩ ድረስ አደረሰና መጽሐፉን አስታወሰ፤ ተወው። ያገባው አጥቂ ማን እንዳቀበለው ለማወቅ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ማንንም አላገኘም። አንድ ለዜሮ አለቀ፤ ሃቭነስ ወረደ።

በማግሥቱ ጋዜጣው የግቡን አመቻች ስም ጻፈ፤ አስገር ሊንድሆልም። በተጫዋችነት ዘመኑ በስሙ የተመዘገበች ብቸኛዋ ያቺ ናት።

ከዚያ ሌሎች አራት ክለቦች ውስጥ ተጫወተ። በአንዱ ቀኝ አማካይ፣ በአንዱ ግራ አማካይ አደረጉት፤ በሦስተኛው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ክረምቱን አሳለፈ፤ በአራተኛው አሠልጣኙ ስሙን ሳይዘው ዓመቱ አለቀ። በሁሉም ቦታ «አታቀብል» አሉት። በሠላሳ አራት ዓመቱ ወደ ሃቭነስ ተመለሰ። ፕሬበን አሁንም አሠልጣኝ ነው። ቪጎ ሠላሳ ስድስት ሞልቶት ሆዱ ማልያውን ገፍቶታል።

የመጨረሻ ጨዋታው በኅዳር የመጨረሻ እሑድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ለበረዶው ክረምት ይዘጋል። በእረፍት ሰዓት አስገር ከቪጎ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንዲት አቀብልሃለሁ» አለው። «አንተ ሩጥልኝ ብቻ።»

«ወደ ምን?»

«ወደምትደርስበት።»

«ባዶ ቦታ አልሮጥም፣ አስገር። ሰው ይስቅብኛል።»

«የመጨረሻዬ ናት።»

«ጉልበቴም የመጨረሻዬ ነው» አለ ቪጎ፤ ጉልበቱንም አሸው።

በሰባኛው ደቂቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ አስገር በመሀል ክቡ ላይ ኳስ አገኘ። ቀና አለ። ክፍተቱ እዚያው አለ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍተት ነው። አቀበለ። ቪጎ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከአጥሩ «ፖስተኛ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ለአስገር የአበባ እቅፍ ሰጡት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ አስገር ወደ ሜዳው ሄደ። አመዳይ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር አንጥቶታል። ኢንገር ቁልፎቿን ይዛ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር።

«ሜዳው ዝግ ነው» አለችው። «አመዳይ ላይ ሲረገጥ ሣሩ ይሰበራል።»

«እቆማለሁ እንጂ አልሮጥም።»

«የት?»

«መሀል።»

ኢንገር በሩን ከፈተችለት። አስገር ሄዶ ባቀበለበት ቦታ ቆመ። ከኋላው በአመዳዩ ላይ የእሱ ኮቴ ብቻ አለ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ፤ ቪጎ ከሄደበት የሞቃት አገር የባሕር ዳርቻ ፎቶ ልኮለት ነበር። በፎቶው ላይ የቪጎ ሁለት ባዶ እግሮች አሸዋ ላይ ተዘርግተዋል። አስገር ስልኩን መልሶ ከተተ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነ። ቪጎ ቆሞ በነበረበት ቦታ ላይ አመዳዩ ሁለት ቦታ ተረገጠ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ተራርቀው፣ ጠልቀው፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴዎች። ኳሷ ከመጨረሻው ኮቴ ፊት ደረሰች። መረቡ ተወጠረና ተመለሰ።

አስገር መጀመሪያ የዞረው ወደ መስመር ዳኛው ቦታ ነው፤ የተነሣ ባንዲራ እንዳለ ለማየት። ማንም አልነበረም።

ኮቴዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አልሮጡም። አንድ በአንድ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጠው መጡ፤ አመዳዩ ከሥራቸው ሲሰበር ይሰማል። የመሀል ክቡን መስመር ተሻገሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ጫፋቸው የአስገርን ጫማ ጫፍ ነክቶ፣ ቆሙ።

አስገር እጁን ዘረጋ።

«መጣ?» አለች ኢንገር ከአጥሩ።

«እግሩ ደርሷል፤ እጁ ገና ነው» አለ አስገር።

እጁን እንደዘረጋ ቆየ። የፀሐይዋ ብርሃን ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ለቀቀ፤ እጅጌው ላይ አመዳይ መያዝ ጀመረ። ከፊቱ ያሉት ሁለት ኮቴዎች፣ አንዴ ቀኙ አንዴ ግራው፣ ቀስ እያሉ ይጠልቁ ነበር፤ ቆሞ ሲጠብቅ እንደደከመው ሰው።