የነዶው ማሰሪያ

«ይሄን ማን ጠለፈው?»

ልጅየዋ በእናቷ ፎቶግራፍ ስር የተነጠፈውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰች። የስንዴ ነዶ ተጠልፎበታል፤ ዛላዎቹ ቀና ብለዋል፣ ወገቡ በቀይ ክር ታስሯል። ያንን ማሰሪያ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም፣ እናቷ፣ ትናንት ተቀብራለች።

«የእሷ እጅ ነዋ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከለቀስተኞቹ መሃል። «የሌላ ሰው ነዶማ የተበተነ ገለባ ነው የሚመስለው።» የዳቦ ቤቱ መጋረጃ የሟቿ ሥራ ነው። በሰፈሩም የእሷን ነዶ ሳትይዝ ከቤቷ የወጣች ሙሽራ የለችም።

«እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ እኮ ቆየ። ጨርቁ ግን አዲስ ነው» አለች ልጅየዋ።

የወንድሟ ሚስት አንገቷን ደፋች።

እናቷ ስትጠልፍ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላት ልጅየዋ ነበረች። አገዳውንም ዛላውንም ትሠራለች፤ ማሰሪያው ላይ ሲደረስ ግን እናቷ ጨርቁን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «አስተምሪኝ፣ እማዬ» ስትላት፣ «በዚህ ጥቃቅን ስፌት ዓይንሽን ላጥፋው? ይሄ ከእኔ ጋር ይቀበር» ትላታለች። ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ የጥልፍ ቤቱ ባለቤትም «ማሰር ስትችይ ነይ» ብላ መልሳታለች።

ጓዳ ውስጥ ኩባያ ሲያጥቡ ልጅየዋ የወንድሟን ሚስት አፋጠጠቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ገበያ ስትሄጂ ታስተምረኝ ነበር።»

«አንቺን? መርፌና ወስፌ የማትለዪውን?»

«ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። ስንቴ ጣቴን ወግቻለሁ! እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው።»

«ለምን?»

የወንድሟ ሚስት የታጠበውን ኩባያ መልሳ አጠበችው። «ሙያው እንዳይጠፋ ትፈልጋለች። ግን ‹እሷ ከቻለች ሥራ ይዛ ትሄዳለች፤ ማን ደግፎ ያነሳኛል?› ትል ነበር። ፈርታ ነው እንጂ ክፋት አይደለም።»

«ጥልፍ ቤቱ እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ለምሳ እንኳ እመጣላት ነበር።»

ከጠዋት ጀምሮ ያፈሰሰችው እንባ ቆጫት።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የወንድሟ ሚስት እናቷ ጀምራ የተወችውን ጨርቅ አመጣች። ነዶው አልታሰረም።

«ነይ ላሳይሽ፤ አይከብድም።»

ልጅየዋ ቀዩን ክር በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ አሾለከች። ጫፉን ቋጠረች። ከዚያም እንደ ልማዷ መርፌውን ወደ እናቷ ባዶ ወንበር ዘረጋች።