ተቆርጦ የቀረው ትንፋሽ

«ጉንፋን ነው» እንዳለች አራተኛ ወሯን ያዘች። ጉንፋን አራት ወር እንደማይቆይ የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች፣ ግን ግትር ናት። በምትሠራበት የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ ሁሉም «እቴጌ» ይሏታል፤ ድሮ በአንድ የሬዲዮ ድራማ ንግሥት ሆና ስለተጫወተች ስሙ በዚያው ጸና። አሁን ለአድማጭ የምታነበው ስድስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ነው። ካቋረጠች ለሌላ አንባቢ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ሥራ ሌላ የምትኖርለት ነገር የላትም።

ዘዴ አላጣችም። ጩኸት ያለበትን ክፍል ጉሮሮዋ ሳይደክም በጠዋት ታነባለች፣ ሹክሹክታውን ከሰዓት። ስትቀመጥ ደረቷ ስለሚያፍናት ቆማ ታነባለች። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ በእርሳስ ታጭራለች። መጀመሪያ ሰሞን በየሁለት መስመሩ አንድ ጭረት ይበቃት ነበር፤ አሁን በአንዱ መስመር ብቻ ሦስት ሆነዋል። እሷ እንደሆነች እርሳሷን ቀርጻ ትቀጥላለች።

ታናሽ እህቷ «ሐኪም ዘንድ እንሂድ» እያለች ስትለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ልመናው ሲበዛባት የትናንቱን ቅጂ ትከፍትላታለች።

«ስሚ እስቲ! ይሄ የታመመ ሰው ድምፅ ነው?»

እውነትም አይደለም። ጥርት፣ ኩልል ያለ ነው። እህቷም ለዚያ ቀን ልመናዋን ትተዋለች። እቴጌ ራሷም ታምነዋለች፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

መጽሐፉ ሊያልቅ አሥራ አንድ ገጽ ሲቀረው፣ ሃያ ዓመት አብሯት የሠራው ድምፅ ቀራጭ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ስሚልኝ።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ቃል የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሲጀምር ቀለል ያለ ነበር። እየቆየ ፉጨት ገባበት፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከሥር እንደ ወጥ የሚንተከተክ ነገር ተጨመረበት። እቴጌ እንደ ባለሙያ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ጎበዝ ናት» አለች ማዳመጫውን እያወለቀች። «መጨረሻው ላይ ግን አበዛችው። የሚሞት ሰው እንኳ እንዲህ አይተነፍስም። ማናት?»

ሰውየው አልሳቀም።

«ትወና አይደለም፣ እቴጌ። በየቀኑ ካንቺ ንባብ ቆርጬ ያወጣሁት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ትናንት በተራ ቀጣጠልኩት። ላግዝሽ ብዬ ነበር የማጸዳልሽ። በሞኝነቴ ገደልኩሽ። ለእህትሽ ይሄንን አሰሚያት።»

ክው አለች። እህቷን ዝም ያሰኘችባቸው ቀኖች አንድ በአንድ መጡባት። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ፈራች። ግትርነት ግን በአንድ ቀን አይለቅም። በመስታወት ወደተለየው የንባብ ክፍሏ ተመልሳ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች።

«አሥራ አንድ ገጽ ናት እኮ፤ እሷን ልጨርስና» ልትለው አፏን ከፍታ ትንፋሽ ሳበች።

ከመስታወቱ ወዲያ የድምፁን ልክ የሚያሳየው መርፌ ብድግ አለ። ሁለቱም አዩት። ገና አንድ ቃል አልተናገረችም።