ባነር ያዥዋ

ባጃጅ ከኋላ ይከተልሻል ነበር ያለኝ አስተባባሪው፣ የታለ ባጃጁ፣ ዞር ስል የማየው ሰው ብቻ ነው፣ ነጭ ቲሸርት የለበሰ ሰው፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የዞኑ ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ ከፊት፣ የባነሩን ቀኝ ጫፍ ይዤ፣ የሲክል ሴል ግንዛቤ ማስጨበጫ የእግር ጉዞና ነጻ የጤና ምርመራ፣ አምቦ፣ ይላል፣ ነፋሱ በሳበው ቁጥር እጄን ይዞት ይሄዳል። ሁሉም ለእኔ ነው የሚሄደው። ማለቴ ለእንደኔ ዓይነቱ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሄድ የሌለበት አንድ ሰው ቢኖር ግን እኔ ነኝ።

ብርዱ። የኅዳር ማለዳ። በራሪ ወረቀቱ ላይ በደማቁ ተጽፏል እኮ፣ ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይጣመማል፣ የደም ሥር ይዘጋል፣ ሕሙማን ከብርድና ከድካም ይጠበቁ፣ ከዛ ሕመምተኛዋን በጨለማ ቀስቅሰው በብርድ ያስኬዷታል። ዘሩባቤል ነው ያስጻፈው፣ አስተባባሪው፣ ደግ ሰው ነው፣ አልጠላውም፣ ሹራብሽን አውልቂው አለኝ፣ ትልልቁ ቲሸርት አልቋል፣ ይሄ ከላዩ አይገባም፣ ፎቶ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ይታይ። አወለቅኩ። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ ቀን ያለፈበትን ተማሪ ሁሉ አይሆንም እያልኩ የምመልስ ሴት፣ ለአንድ ሹራብ አይሆንም ማለት አቃተኝ።

ጀግናችን ፍቅርአዲስ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ሕመሟ ሳይበግራት ተምራ፣ ሠርታ፣ ዛሬ ከፊታችን ትራመዳለች። ጭብጨባ። ጀግና ሲሉኝ ይደክመኛል። ስታዲየሙ ጋ፣ ከተነሳንበት፣ ድንኳን ተክለዋል፣ ለግፊት ሰልፍ፣ ለስኳር ሰልፍ፣ ዳር ላይ ያለው የእኛ ነው፣ ነርሷ ብቻዋን ስልኳን ትነካካ ነበር።

ጭኔ ጀመረ። የቀኙ። መጀመሪያ ልክ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ አለ፣ የለም፣ አለ። እማዬ ነፍሷን ይማረው፣ ቁርጥማት ነው በያቸው ትለኝ ነበር፣ ደሜ ነው ካልሻቸው ማን ያገባሻል፣ ቁርጥማት ነው እያልኩ አደግኩ፣ ማንም አላገባኝም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልቀመጥ እኮ እችላለሁ። ማን ይከለክለኛል። ሴትዮዋ። ሃዋኒ ነኝ ብላኛለች፣ ከጌዶ፣ ስንነሳ ልጅ አዝላ መጣች፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ይሄ ሮባ ነው፣ ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ባለፈው ወር ሲክል ሴል ነው አሉኝ፣ አንቺም እንደሱ ነሽ አሉ። አዎ፣ እንደሱ ነኝ። ከዛ ጀምሮ ከጎኔ ትንሽ ወደኋላ፣ ዓይኗ እግሬ ላይ። የምታየው ይገባኛል፣ ልጄም ያድጋል፣ እንዲህ ይራመዳል፣ እያለች ነው። እኔ ቁጭ ካልኩ ተስፋዋም አብሮኝ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሂጂ። ፈገግ በይ፣ ካሜራው መጣ።

ሁሉቃ ድልድይ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ቲሸርቱን አልፎ ጀርባዬ ላይ። አንድ ተማሪ ውሃ ያቀብለኛል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ፣ በርቺ እህቴ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሕመሙ ወገቤ ገባ። አጥንቴ ውስጥ ይጠዘጥዛል፣ እስከዛ ምሰሶ፣ ደረስኩ፣ እስከዛ ሱቅ፣ ሱቁ ራቀ፣ ማን አራቀው፣

አልቻልኩም።

ባነሩን ለቀቅኩት። የመንገዱ ጠርዝ ቀዝቃዛ ነው፣ ተቀምጫለሁ፣ ጫማ በአጠገቤ ያልፋል፣ ጫማ ይቆማል፣ ምነው ፍቅርአዲስ፣ ምን ሆንሽ፣ ዘሩባቤል ነው፣ መኪና ጥሩ፣ መኪና። ቀና ማለት አልፈልግም። ቀና ካልኩ ሃዋኒን አያታለሁ። አፈርኩ፣ በሕመሜ አይደለም፣ በእሷ ፊት ስለሆነ ነው ያፈርኩት።

ጋቢ እግሬ ላይ አረፈ። አጠገቤ ቁጭ ብላለች፣ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋዋለች፣ ጃባዹ፣ አይዞሽ፣ ትላለች። ይቅርታ እላታለሁ፣ ለምን እንደሆነ ይገባት ይሆናል ብዬ። አልገባትም፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ ትላለች። ተዪው ይለቀኛል። አይ፣ ንገሪኝ፣ እሱ አፉን አልፈታም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ ሆዱን አሻለሁ፣ ጆሮውን አያለሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ሲያምሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው የተከተልኩሽ።

ይሄን ሁሉ መንገድ እስክወድቅ እየጠበቀችኝ ነበር። ሊያናድደኝ ይገባ ነበር፣ አላናደደኝም፣ ቀለለኝ።

መኪናው መጣ፣ ተነሺ፣ ይላል ዘሩባቤል። መጀመሪያ ሹራቤን አምጣልኝ እለዋለሁ። ይሮጣል።

እጇን ይዤ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ፣ በጋቢው ላይ። እዚህ ነው። አትጫኚ፣ አሙቂው ብቻ። በእሱ ዕድሜ ግን የሚያሙኝ ጣቶቼ ነበሩ፣ ያብጡ ነበር፣ እማዬ ነግራኛለች። ሃዋኒ የሮባን እጅ ከተጠቀለለበት ፎጣ ውስጥ ታወጣለች፣ ጣቶቹን በመዳፏ ትከድናቸዋለች፣ እየጠበቀች ታየዋለች፣ ልጁ እኔን ያያል።

ሌላስ፣ ትላለች። ሌላስ የት ነው።

አሳያታለሁ።